«አንተ» የተባለው ልጅና «እርስዎ» የተባሉት እናቱ



ከልምምድ ማስተማር የተመለሰ ሁሉ ያየውን ጽፎ በዚህ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፍ የጋዜጣው ኮሚቴ በጠየቀው መሠረት፣ እኛም ተራችን ደርሶ ይኸው ብዕር አንስተናል። ሌሎች ጓደኞቻችን ስለ መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ጠመኔ እጥረት፣ ስለ ክፍል አያያዝ ጽፈዋል። መልካም ነው። እኛ ግን የምንጽፈው ስለ ፖሊስ ነው። «መምህርን ከፖሊስ ምን አገናኘው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠን። እኛም አንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ እስክንቀመጥ ድረስ ግንኙነቱ አልታየንም ነበር። አስቀድመን የምንናገረው ደግሞ የራሳችንን ጥፋት ስለሆነ ማንም ቅር አይበለው።

አራት ሆነን የተመደብነው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ዘመኑ 2016 ዓ.ም.፣ ወሩም የካቲት ነው። አቃቂን ለማያውቅ ሰው፣ አዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሄዳ ሄዳ የምታበቃበት የሠራተኛ ሰፈር ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚሁ በኩል አልፎ ነው። አሮጌው መስመር ዛሬ ባቡር አይሄድበትም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም የደቡብ ጫፉ ቃሊቲ ነው። የጨርቃ ጨርቁና የመለዋወጫ ዕቃው ፋብሪካ፣ ወደ ደብረ ዘይት የሚወርደው የከባድ መኪና መንገድ፣ የጉምሩኩ ሰልፍ፣ የጋሪ አህያ፣ አቧራ፣ በበጋ የሚከረፋው ወንዝ... ይህ ሁሉ አቃቂ ነው። አማርኛውና ኦሮምኛው በአንድ ጉሊት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሽንኩርት ይሸጣል።

ከሁሉ በላይ ግን የሰፈሩን ስም በአገር ያስጠራው ማረሚያ ቤቱ ነው። «እገሌ ቃሊቲ ገባ» ከተባለ ቤት ተከራየ ማለት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። እኛም ምደባችን ሲነገረን የመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን «ስንት ዓመት ተፈረደባችሁ?» እያሉ ስቀውብናል። የሰፈሩ ልጆች ይህን ቀልድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ ነው የሚያድጉት። ይህ ነገር በልጅ አእምሮ ላይ ምን እንደሚሠራ ያኔ አላሰብንበትም። እንዲያውም አባባስነው እንጂ። 68 ተማሪ ባለበት ክፍል ገብተን ጩኸቱ አልበርድ ሲለን፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ከአፋችን የወጣው ማስፈራሪያ «ዝም ካላላችሁ ለፖሊስ ነው የምንሰጣችሁ!» የሚል ነበር። እናቶቻችን እኛን ሲያስፈራሩን የነበረውን ቃል ሳናኝከው መልሰን ተፋነው። በሥነ ልቦና ትምህርት ግን ጥሩ ማርክ ነበረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዳችን ስልክ ጠፋ። ስልኩ ርካሽ ቢሆንም ለእጩ መምህር ርካሽ የሚባል ነገር የለም። ከኪስ ገንዘብ ላይ እየተቆነጠረ በስንት ወር የተገዛ ነበር። ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነዋል ብለን እናምናለን። በእረፍት ሰዓት ወደዚያ ክፍል ገብቶ ያየነው ደግሞ ጠመኔ እንዲያመጣ የላክነው አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ነው። ስሙን አንጽፍም። በዚህ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበት ስም ካለ የእኛ እንጂ የሱ አይደለም። 12 ዓመቱ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ጫማው የተሰፋ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ የተሰፋው ጫማም በልባችን ውስጥ ምስክር ሆኖ ቆሞበታል።

በተማሪዎቹ ፊት ቦርሳውን ተቀብለን ወለሉ ላይ አራገፍነው። ስልክ የለም። አንድ የ200 ብር ኖት ግን ከደብተሮቹ መሐል ወደቀ። «ይኸ ከየት መጣ?» አልነው። ዝም አለ። «አንተን እኮ ነው!» ዝም። የልጅ ዝምታ ሁለት ዓይነት ፍቺ እንዳለው፣ አንዱም ፍርሃት እንደሆነ ከመጽሐፍ ተምረናል። በዚያች ሰዓት ግን የታየን አንዱ ብቻ ነበር። ከእኛ አንዱ በኩርኩም መታው። ይህንንም እንጽፈው፤ ካልጻፍነው የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ከዚያ ሦስታችን ልጁን ይዘን ወደ ፖሊስ ጣቢያ አመራን፤ አንደኛው ጓደኛችን ክፍሉን ሊጠብቅ ቀረ። አንዳችን የእጁን አንጓ ጨብጠን፣ ሁለታችን ከኋላ ሆነን የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ሄድን። በመንገድ ላይ የባጃጅ ሾፌሮች «ምን ሰርቆ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ከእኛ አንዱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ያ ልጅ ዛሬም በዚያው መንገድ፣ በእነዚያው ባጃጆች አጠገብ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው።

ጣቢያው የቱ እንደሆነ አንናገርም። ብዙ ሰው የሚተራመስበት፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ቀለም የተቀባ፣ እንደማንኛውም ጣቢያ ነው። ተረኛ ሆነው ያገኘናቸው አንዲት ሳጂን ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ አርባ ይጠጋል። የሰፈሩ አሮጊቶች በአዲሱ ማዕረግ መጥራት አልሆነላቸው ብሎ እስካሁን «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚሏቸው፤ እሳቸውም ወይ ይላሉ። ፊታቸው የሚስቅ ዓይነት አልነበረም፤ እንዲያውም ስንገባ ትንሽ ፈርተናቸዋል። የመጀመሪያ ቃላቸው «ምን ሰረቀ?» ይሆናል ብለን ስንጠብቅ፣

«እጁን ልቀቁት። የት ይሄዳል?» አሉን።

ለቀቅነው። አንጓው ላይ የጣታችን ምልክት ነበረበት፤ እሳቸውም አይተውታል። ቀጥለው ወደ ልጁ ዞረው «ምሳ በልተሃል ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት። ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነበር። እኛ በልተን ነው የወጣነው። እሱ ይብላ አይብላ ያሰበው ማን ነው! ሳጂኗ በር ላይ ከምትሸጠው ሴት ሻይና ዳቦ አስመጡለትና «እስክትጨርስ ማንም አይጠይቅህም» ብለው እኛን ወደ መጠየቁ ገቡ።

መቼም ከሳሽ ሆኖ ጣቢያ የሄደ ሰው ጥያቄው ወደሱ የሚመጣ አይመስለውም። ስልኩን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት ስንት ሰዓት ነው? ክፍሉን የሚቆልፈው ማን ነው? በእረፍት ሰዓት ሌላ ማን ገባ? ስትደውሉ ይጠራል ወይስ ዝግ ነው? አንዳችን 4 ሰዓት ተኩል ላይ አየሁት አልን። ሁለተኛችን የለም፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነው ያየሁት አልን። የስልኩ ባለቤት ራሱ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው ወይስ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር እያለ መወላወል ጀመረ። ሳጂኗ ብዕራቸውን አስቀመጡና፣

«እናንተ ተምራችኋል፣ ሦስትም ናችሁ፣ አንድ ቃል አልሰጣችሁኝም። እሱ ብቻውን ሆኖ ምን ቃል እንዲሰጠኝ ነው የምትፈልጉት?» አሉ።

ከዚያ ቦርሳውን አነሱ። አላራገፉትም። ደብተሮቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አማርኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ... ከመሐላቸው ጠርዙ የተበላ ቡናማ ደብተር ወጣ። የዕድር ደብተር ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአራት ወር ውዝፍ በእርሳስ ተጽፏል፤ ድምሩ 200 ብር። እኛም እኮ ያንኑ ቦርሳ ነበር ያራገፍነው! ደብተሩ ከሌሎቹ ጋር ከእግራችን ሥር ወድቋል፣ ከሌሎቹም ጋር መልሰን ጠቅጥቀነዋል። ስልክ ስለምንፈልግ ስልክ ያልሆነ ነገር ሁሉ አልታየንም።

ልጁ ለምን ዝም እንዳለ በኋላ ነው የገባን። ዕድር አራት ወር ያልከፈለ ቤት ልጅ መሆኑን በጓደኞቹ ፊት መናገር አልፈለገም። በሌባነት መጠርጠሩን መርጦ ዝም አለ።

ሳጂኗ ቃሉን ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ወላጅ ይምጣ አሉ። ታሳሪዎች ካሉበት ክፍልም አላስገቡትም፤ ከራሳቸው ወንበር አጠገብ አስቀመጡት። እኛ ይህን እንደ ደግነት ቆጥረን ነበር። እሳቸው ግን ሕግ ነው አሉ። ሲመለስ የፈተና ያህል አጥንተን አይተነዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውንም ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር አንድ ላይ ማቆየት አይፈቅድም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ይህንኑ ይደግማል። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የእንዲህ ያለ ልጅ ጉዳይ ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች ውስጥም ለሕፃናት ጉዳይ የተለየ ክፍል የማቋቋሙ ሥራ ብዙ ዓመት አስቆጥሯል። እኛ የትምህርት ሥነ ዘዴ የምንማር ሰዎች ከዚህ አንዱንም ሳናውቅ ነበር የ12 ዓመት ልጅ በእጁ አንጓ ጎትተን የወሰድነው። ይህን ለተቋማችን አስተማሪዎችም ማሳሰብ እንወዳለን፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ቢሆን ይግባልን።

ልጁ የጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር በቃሉ ያውቅ ስለነበር ተደወለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እናቱ መጡ። ጉሊት የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን አደግድገው፣ የፕላስቲክ ጫማ አድርገው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ያ አቋቋም ከዓይናችን አይጠፋም። ሰው ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ እንዲህ አይቆምም፤ እንዲህ የሚቆመው ውሻ ያለበት ግቢ ሲገባ ነው።

ሳጂኗ ከወንበራቸው ተነሡ። «አካም ኦልተን» አሉና በሁለት እጃቸው ጨብጠው የራሳቸውን ወንበር ሰጧቸው። የቀረው ንግግር ሁሉ በኦሮምኛ ስለነበር ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የሚያውቀው ጓደኛችን ነው በኋላ የነገረን። በመጀመሪያ የነገሯቸው ስለ ስልኩ አልነበረም። «ልጅዎ አልታሰረም» ነበር ያሏቸው። በአክብሮት አነጋገር፤ ኦሮምኛም ለትልቅ ሰው «እናንተ» እንደማለት ያለ አነጋገር አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ሲል በወረቀት ላይ ደረቅ ይመስላል። በዚያ ወንበር ላይ ግን የእናትየው ትከሻ ሲወርድ በዓይናችን አየነው።

ከዚያ እናቱ አንድ ነገር ጠየቁ። «ተመታ ወይ?» ሲሉ። ሲጠይቁ ያዩት ፖሊሶቹን ነው። ልጁ ግን ቀና ብሎ ወደ እኛ ተመለከተ። ሳጂኗም ተከትለው ተመለከቱን።

የምናምነውን ሁሉ ያናጋብን ይህ ነው። እኛ ግማሹን የሕይወታችንን ዘመን ፖሊስ ይመታል፣ መምህር ያስተምራል ስንል ነው የኖርነው።

ስለ ፖሊስ ክፉ ወሬ ያለ ምክንያት አልተወራም፤ ይህንንም መካድ አይገባም። የአዲስ አበባን ጸጥታ ድሮ ይጠብቅ የነበረው የአራዳ ዘበኛ ነበር፤ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖሊስ በአዋጅ የቆመው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በሰማንያ ምናምን ዓመት ውስጥ ደንብ ልብስ በየዘመኑ ለመጣው አገዛዝ ሁሉ ሲታዘዝ ኖሯል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ጊዜ በሌሊት በር የተንኳኳበት ቤት፣ ዛሬም ልጅ ልጁ ድረስ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ማዕከላዊ ይባል የነበረው የምርመራ ቦታ በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በውስጡ ማሠቃየት ይፈጸም እንደነበር የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ጽፈዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1979 የፖሊስን የሥነ ምግባር ደንብ ሲያጸድቅ የሰውን ክብር መጠበቅን፣ በእጅ ያለን ሰው ጤንነት መንከባከብን ግዴታ አድርጎ ነበር። ይህ ሁሉ እያለ ነው እኒያ እናት በሩ ላይ የቆሙት። አንዲት ሳጂን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያንን ሁሉ ዘመን ልታጥበው አትችልም። ከወንበሯ መነሣት ግን ትችላለች፤ ተነሣችም። (ይቅርታ፣ ተነሡም።)

እዚያው ተቀምጠን ሳለን ሌላም ነገር አይተናል። በሌላው ጠረጴዛ አንድ ወጣት ኮንስታብል ነበር። ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ገቡ። ወሬው ሲሰማ የጋሪ አህያቸው ተሰርቋል። «ጌታዬ...» ብለው ገና ሲጀምሩ፣

«ቆይ አንተ! እዚያ ቁም!»

ቆሙ። አሁንም ቀረብ ሲሉ «ቆይ ብዬሃለሁ እኮ፣ አትሰማም?» ተባሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ግድግዳውን ተደግፈው ቆዩና ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለማንም ሳይናገሩ ወጡ። ያን አህያ ማን እንደወሰደው ምናልባት ያውቁ ይሆናል፤ በየትኛው መንገድ እንደተነዳ ጎረቤት ነግሯቸው ይሆናል። ያ መረጃ ሁሉ ከእሳቸው ጋር ከጣቢያው ወጥቶ ሄደ። ፖሊስ ካሜራም ይኑረው መኪና፣ ሰው ካልነገረው ምን ያውቃል? በየቀጠናው ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት እየተባለ ስብሰባ ይጠራል፤ ደግ ነው። አዛውንቱን ግን ያ ሁሉ ስብሰባ ተደርጎም ቢሆን «አንተ» ያላቸው ያው ጠረጴዛ ነው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር የተለየ ምስክር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አለቃውንም ልጁንም በአንድ ቃል ይጠራል። የእኛ አፍ ግን ገና ግሡን ሲጀምር ሰውዬውን የት እንዳስቀመጠው ያሳብቃል። «ና»፣ «ይምጡ»፤ «ስምህ?»፣ «ስምዎ?» «አንተ» በራሱ ስድብ አይደለም። እናት ስትለው ፍቅር ነው፣ ባልንጀራ ሲለው ቅርበት ነው። ሽማግሌን፣ ያውም አቤቱታ ይዞ የመጣን ሽማግሌ ከጠረጴዛ ማዶ ሲሉት ነው ዱላ የሚሆነው። ምልክት የማይተው ዱላ ስለሆነም በምንም መዝገብ ላይ አይጻፍ።

በኮንስታብሉ ፈርደንበት ነበር። በኋላ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ አገኘነው። «ትናንት ማታ ነው የገባሁት፤ ተተኪዬ አልመጣም» አለን፤ ዓይኑ ቀልቷል። ያን ጊዜ አዘንን። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትሕትና ከየት ያመጣል? 68 ተማሪ ፊት ቆመን ያበድነው እኛ ነን እንኳንስ እሱ። ነገር ግን ሳጂኗም ቢሆኑ ከእሱ ብዙም የተለየ ተራ አልነበራቸውም። ስለ ባልደረባቸው ምን እንደሚሉ ለመስማት ጠብቀን ነበር፤ ምንም አላሉም። አዛውንቱ ሲወጡ ግን ወደ በሩ ተመልክተው ወረቀታቸውን አገላበጡ።

ወደ ስልኩ እንመለስ፤ አንባቢ የሚጠብቀው እሱን ነው መቼም። ስልኩ አልተገኘም። እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሳጂኗ ባልታወቀ ሰው እንደተወሰደ ወይም እንደጠፋ መዘገቡልን፣ ከተገኘ እንጠራችኋለን አሉን፣ አልጠሩንም። ስለዚህ «ልጁ አልወሰደውም» ብለን ልንምል እንችላለን ወይ? አንችልም። 200ው ብር የዕድር መሆኑ ስልኩን አልወሰደም ማለት አይደለም። ይህን ከጓደኞቻችን ጋር ብዙ ተከራክረንበታል። አንዳንዱ ሰው ይህ ታሪክ ልጁ ንጹሕ ሆኖ ስልኩ ከታክሲ ወንበር ሥር ቢገኝ ደስ ይለው ነበር። እኛ ግን እንዲህ መሆኑ ይሻላል ብለናል። ሳጂኗ ሻይ ያስመጡለት፣ እጁን ያስለቀቁት፣ እናቱን በወንበራቸው ያስቀመጡት ንጹሕ መሆኑን አውቀው አልነበረም። ሳያውቁ ነው። ቢወስደውም ያው ሻይ፣ ያው ወንበር ይገባው ነበር።

ቶም ታይለር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎች ሕግን ለምን እንደሚያከብሩ የሚመረምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትሟል። በቺካጎ ከተማ 1,575 ነዋሪዎች ተጠይቀው ነበር። ካገኘው ነገር ዋነኛው ይህ ነው፦ ሰዎች ፖሊስንና ፍርድ ቤትን የሚያምኑት ባሸነፉ ጊዜ ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ ይበልጥ የሚመዝኑት የተደረገላቸው አያያዝ ፍትሐዊ መሆኑን ነው። ቃላቸውን ሰምቷቸዋል? በክብር አናግሯቸዋል? የፈረደባቸው ሰው እንኳ ይህን ካደረገላቸው ይቀበሉታል። እኛ ራሳችን ለዚህ ማስረጃ ነን። ስልካችንን ያላገኘንበትን ጣቢያ ዛሬ ብንዘረፍ ተመልሰን እንሄድበታለን፤ የምንፈልገው ግን ያንኛውን ጠረጴዛ ነው። አዛውንቱ ግን ለምን ይመለሳሉ?

ከጣቢያው ስንወጣ እናቱ ወደ እኛ መጡ። ይሰድቡናል ብለን ተዘጋጅተን ነበር። በሰባራ አማርኛቸው «ልጆቼ፣ እናንተም ስልክ ጠፋባችሁ» ብለው አዘኑልን። ያን ጊዜ መሬት ብትዋጠን ደስ ባለን። በሳምንቱ ቅዳሜ ጉሊታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ሽንኩርት ካልወሰዳችሁ ብለው አስቸገሩን፤ ወሰድን። ያበላሸነው በተማሪ ፊት ነውና ሰኞ ጠዋት በዚያው ክፍል፣ በ68ቱ ፊት ቆመን ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው። «ለፖሊስ እንሰጣችኋለን» ያልነውንም ቃል ስሕተት ነው፣ አንደግመውም አልን። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ተማሪ በማንኛውም ነገር ያጨበጭባል። ልጁ አላጨበጨበም፤ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው።

ልምምዳችን ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠመኔ አለቀብን። ከእኛ አንዱ፣ ምናልባት ነገሩ ተረስቷል ብሎ፣ ያንኑ ልጅ ላከው። ልጁ «እሺ ቲቸር» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ጠመኔውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያም ወደ ቦታው ከመመለሱ በፊት ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ መዳፎቹን ገልብጦ አሳየን።